ኳስ የሚውጠው አፈር፦ በአቃቂ ሜዳ ሥር ምን አለ?

በነሐሴ፣ ዝናቡ አባርቶ ገና አንድ ሰዓት ሳይሞላ፣ አቃቂ ውስጥ ባለ ሣሩ የሳሳ ሜዳ ላይ ኳስ መሬት ለመሬት ብትለጉ ሦስት አራት ሜትር ሄዶ ቀጥ ይላል። ጫማችሁን ስታነሱ ጭቃው አብሮ ይነሳል፤ ከአምስት ደቂቃ በኋላ የምትሮጡት በእግራችሁ ላይ ሌላ ጫማ ተጭኖ ነው። ያንኑ ሜዳ በየካቲት ተመልሳችሁ እዩት። ጭቃው የለም። በምትኩ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ አለ፣ መሬቱም ከአስፋልት አይተናነስም፤ ወደ ላይ የተለጋ ኳስ ሲወርድ ወዴት እንደሚነጥር በረኛውም አጥቂውም እኩል አያውቁም።

አንድ መሬት እንዴት በስድስት ወር ውስጥ ገንፎም ሸክላም ይሆናል? እኔ የማጠናው የመሠረት ምህንድስና ነው፤ ማለትም ሕንፃ ከማየቴ በፊት ሥሩን አያለሁ። ስለዚህ የአቃቂን ኳስም ከሥሩ ልጀምረው።

መጀመሪያ ግን ጉዳዩ ለምን ቀላል እንዳልሆነ። አቃቂ ቃሊቲ በስሙ የሚጠራ የእግር ኳስ ክለብ ያለው ክፍለ ከተማ ነው። ወንዶቹ ከፕሪሚየር ሊጉ ቀጥሎ ባለው ከፍተኛ ሊግ፣ ሴቶቹም በሴቶች ሊግ የተጫወቱበት ጊዜ አለ። አካባቢው ዛሬ ከአዲስ አበባ ጋር ይጋጠም እንጂ ቀድሞ አቃቂ በሰቃ የሚባል፣ ለብቻው የቆመ ትንሽ የፋብሪካ ከተማ ነበር፤ ባቡሩ የሚያልፍበት፣ ጨርቃ ጨርቅና ብረታ ብረት የሚሠራበት። በአገራችን ኳስና ፋብሪካ ደግሞ አብረው ነው ያደጉት። የድሬዳዋውን ጥጥ ማኅበር፣ ምድር ባቡርን፣ መብራት ኃይልን፣ ሙገር ሲሚንቶን፣ ወንጂ ስኳርን አስቡ፤ ስማቸው ብቻ የፈረቃ ደወል ያሰማል።

ክለብ ሜዳ ሲያጣ ምን እንደሚሆን ብሔራዊ ቡድናችን በቅርቡ አሳይቶናል። በጥር 1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ግብፅን በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፎ የአፍሪካ ዋንጫን ያነሳው ቡድን፣ ከ60 ዓመት በኋላ በአገሩ የሚጫወትበት ሜዳ አጣ። የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ስታዲየሞቻችን መስፈርቱን አያሟሉም ስላለ፣ በህዳር 2014 ዓ.ም. ጋናን «በሜዳችን» ያስተናገድነው ጆሃንስበርግ ላይ ነው። በሰኔ 2014 ዓ.ም. ግብፅን 2 ለ 0 ስናሸንፍም ባለሜዳ ተብለን ነበር፤ ጨዋታው ግን ሊሎንግዌ፣ ማላዊ ነበር። በእርግጥ መስፈርቱ ከሣሩ ሌላ መብራቱን፣ መቀመጫውን፣ መልበሻ ክፍሉንና የሕክምና ክፍሉን ሁሉ ይመለከታል። ፕሪሚየር ሊጉም ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ክለቦች በተመረጡ ከተሞች እየተሰባሰቡ የሚጫወቱበት ሆኖ ቆይቷል። እንግዲህ ትልልቆቹ ይህን ያህል ከተቸገሩ በጥቁር አፈር ላይ የተቀመጠ የሰፈር ሜዳ ምን ዕድል አለው?

እንጀራና መሶብ

ገበሬው መረሬ ወይም ዋልካ ይለዋል። በኦሮምኛ ኮትቻ ነው። መሐንዲሶች ብላክ ኮተን ሶይል ይሉታል፤ ስሙ ጥጥ በብዛት ከሚበቅልበት የሕንድ ጥቁር መሬት የመጣ ነው። (አቃቂ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ስለነበረበት ነገሩ የተያያዘ ይመስላል፤ አይደለም። የአቃቂ ብርድ ለጥጥ አይሆንም።)

የአፈሩ ጠባይ ያለው በዓይን በማይታይ ነገር ውስጥ ነው። ከግማሽ በላይ የሚሆነው የዋልካ ክብደት እጅግ ደቃቅ ሸክላ ነው፤ የዚህ ሸክላ ዋና ማዕድን ደግሞ ስሜክታይት ይባላል። መሶብ ውስጥ የተደራረበ እንጀራ በዓይነ ኅሊናችሁ ሳሉ። እያንዳንዱ እንጀራ የማዕድኑ አንድ ንብርብር ነው፤ ውፍረቱ 1 ናኖ ሜትር ገደማ፣ ማለትም አንድ ሚሊዮኑ ተደራርቦ ነው 1 ሚሊ ሜትር የሚሞላው። በቀይ አፈር ውስጥ በብዛት ያለው ሌላው ሸክላ፣ ካኦሊናይት፣ እንጀራው እርስ በርሱ እንደተጣበቀ ቁልል ነው፤ ውሃ ቢያፈሱበት በዳር በዳሩ ይወርዳል እንጂ መሐል አይገባም። የስሜክታይት ቁልል ግን የላላ ነው። በንብርብሮቹ መሐል እንደ ካልሲየምና ሶዲየም ያሉ ቻርጅ ያላቸው ቅንጣቶች ተቀምጠዋል፤ እነዚህ ውሃ ወዳድ ናቸው። ዝናብ ሲመጣ ውሃውን ወደ መሐል ይስቡታል፣ እንጀራው ከእንጀራው ይራራቃል፣ ቁልሉ ከመሶቡ አፍ በላይ ያብጣል። በጋ ሲመጣ ውሃው ይወጣል፣ ቁልሉም ይኮማተራል። መሬቱ ሁሉ አንድ ላይ ሲኮማተር ቆዳው አይበቃውም፤ ስለዚህ ይተረተራል። የምናየው ስንጥቅ እሱ ነው።

አሁን አንድ ቁጥር ልንገራችሁ፤ እኔን መጀመሪያ ስሰማው ያስገረመኝ ነው። አንድ ግራም ንጹሕ ስሜክታይት፣ የሁሉም ንብርብሮቹ ገጽ ተዘርግቶ ቢለካ፣ ከ700 እስከ 800 ካሬ ሜትር ይሆናል። የእግር ኳስ ሜዳ በተለመደው ልክ 105 በ68 ሜትር ነው፣ 7,140 ካሬ ሜትር። ስለዚህ 10 ግራም ገደማ፣ ማለትም አንድ የሾርባ ማንኪያ የማይሞላ ደቃቅ ዱቄት፣ ሙሉ ሜዳ የሚያህል ገጽ አለው። ውሃ የሚይዘው በዚህ ገጽ ነው። ዋልካ ውሃውን ለምን እንደማይለቅ አሁን ይገባችኋል።

ለምን አቃቂ? ለምን እንጦጦ አይደለም? መነሻው ሁለቱም ጋ የእሳተ ገሞራ አለት ነው። እንጦጦ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍ ያለ ተዳፋት ስለሆነ ዝናቡ እያጠበ፣ የሚሟሟውን ማዕድን ሁሉ ይዞ ይወርዳል፤ የቀረው ብረትና ካኦሊናይት የበዛበት ቀይ አፈር ነው። አቃቂ 2,100 ሜትር አካባቢ ላይ ያለ ሜዳማ ቦታ ነው። ትልቁና ትንሹ አቃቂ ወንዞች ወደ አባ ሳሙኤል ሐይቅ ሲወርዱ የሚያልፉት በዚህ በኩል ነው። ከላይ የታጠበው ካልሲየም፣ ማግኒዥየምና ሲሊካ ቀስ በሚል ውሃ ውስጥ እዚህ ይከማቻል፤ በጋው ያደርቀዋል፣ ክረምቱ ያርሰዋል፤ ስሜክታይት የሚወልደው ይህ ነው። በአጭሩ እንጦጦ ያጣውን አቃቂ አገኘው። ለጤፍና ለሽንብራ በረከት ነው። ለኳስ ግን ሌላ ነገር ነው።

ሃያ አንድ ቦቴ

አንድ የሐምሌ ከሰዓት 30 ሚሊ ሜትር ዝናብ ዘነበ እንበል፤ ለአዲስ አበባ ክረምት ብርቅ አይደለም። 7,140 ካሬ ሜትር በ0.03 ሜትር ስታባዙት 214 ሜትር ኩብ ይመጣል፤ 214,000 ሊትር። ውሃ የሚያመላልሰው ቦቴ 10,000 ሊትር ቢይዝ፣ ሜዳው ላይ ሃያ አንድ ቦቴ ተገለበጠ ማለት ነው። የት ይሄዳል?

በሰኔ መጀመሪያ፣ ስንጥቆቹ ገና ክፍት ሳሉ፣ ውሃው በእነሱ ገብቶ ይሰወራል። በዚያ ሰሞን ሜዳው ዝናቡን ጠጥቶ ምንም ያልሆነ ይመስላል። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ግን አፈሩ አብጦ ስንጥቁን ሁሉ ይደፍነዋል፤ ቧንቧው ተዘጋ ማለት ነው። የረጠበ ዋልካ በሰዓት 1 ሚሊ ሜትር ውሃ እንኳ ወደ ታች ለማሳለፍ ይቸገራል። 30 ሚሊ ሜትሩ በዚህ ፍጥነት ሙሉ ቀን ከሌሊት አልፎ ይፈልጋል፤ በሐምሌ ደግሞ በማግስቱ ሌላ ይመጣል። ለስፖርት ተብሎ የተዘጋጀ የአሸዋ መደብ በሰዓት 100 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ ያሳልፋል። ልዩነቱ ከመቶ እጥፍ በላይ ነው።

ሰዓቱም አይመችም። ትልልቆቹ ሊጎች ክረምቱ ካለፈ በኋላ ነው የሚጀምሩት፤ ስለዚህ ጭቃውን በአብዛኛው ያመልጡታል። ልጆች ግን ትምህርት ቤት የሚዘጋባቸው፣ ቀኑን ሙሉ ኳስ የሚመኙባቸው ሁለት ወራት ሐምሌና ነሐሴ ናቸው። የሰፈር የክረምት ውድድር የሚደምቀውም ያኔ ነው። ጭቃ ላይ መጫወት ደስ ይላል፣ አልክድም፤ ችግሩ አፈሩ ነገሩን አይረሳም። በረጠበ ዋልካ ላይ የሮጠ እግር አፈሩን እንደ ሊጥ ያሸዋል፣ አየርና ውሃ የሚያልፍባቸውን ጥቃቅን ቀዳዳዎች ይደፍናል፣ የሣሩንም ሥር ያንቃል። ከዚያ ፀሐይ ይወጣና ያ ዱካ እንዳለ ይደርቃል። በጥቅምት ልምምድ ሲጀመር ተጫዋቹ የሚሮጠው በነሐሴ ዱካዎች ላይ ነው፤ ጠርዛቸው እንደ ገል የደነደነ። ቁርጭምጭሚት የሚጠመዘዘው እዚያ ላይ ነው። ለእኔ የዚህ ጉዳይ ክብደት ከኳሱ አነጣጠር ይልቅ እዚህ ጋ ነው፤ አሥራ አራት ዓመት የሞላት ልጅ ጉልበቷ ከተጎዳ የሚመልስላት ሊግ የለም።

አሸዋ ማፍሰስ ይበጃል?

የሁሉም ሰው የመጀመሪያ ሐሳብ ይህ ነው፦ «አንድ ሲኖ አሸዋ ይገልበጥበት።» እስቲ እናስላው። ሲኖትራክ 16 ሜትር ኩብ ያህል ይጭናል። ያንን በ7,140 ካሬ ሜትር ላይ እኩል ብትበትኑት ውፍረቱ 2 ሚሊ ሜትር ከምናምን ነው። በመጀመሪያው ጨዋታ ጭቃው ውስጥ ይጠፋል። ይባስ ብሎ ጥቂት አሸዋ በብዙ ሸክላ ውስጥ ሲቀላቀል ውሃ ማሳለፊያ አይሆንም፤ ሸክላው የአሸዋውን ክፍተት ስለሚሞላው የሚገኘው ሲደርቅ የሚጠነክር ውህድ ነው። አያቶቻችን ለግድግዳ የሚያቦኩት ጭቃ ውስጥ ያለው ብልሃት ከዚህ ብዙ አይርቅም። በትክክል ለመሥራት 30 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው የአሸዋ መደብ፣ ከሥሩም ጠጠርና የተቦረቦረ ቧንቧ ያስፈልጋል። ለአሸዋው ብቻ ከ2,100 ሜትር ኩብ በላይ፣ ወደ 134 ሲኖ። ለትልቅ ስታዲየም ይህ የተለመደ ሥራ ነው። ለክፍለ ከተማ ክለብ ግን በጀቱን ሁሉ መሬት ውስጥ መቅበር ይሆናል።

የተሻለው መነሻ የሚገኘው ከገበሬው ነው። በሰሜን ሸዋ፣ እነዋሪ አካባቢ፣ ገበሬዎች ከነልጆቻቸው ዋልካውን በእጃቸው እያፈሱ ሰፋፊ መደብ ይሠሩና በመሐሉ ቦይ ይተዋሉ። እህሉ መደቡ ላይ ይቆማል፣ ውሃው በቦዩ ይሄዳል። (በዚያው አገር አፈሩን ከምረው የሚያቃጥሉም ነበሩ። ሞኝነት አይደለም፤ እሳት ሸክላውን እንደ ገንቦ ስለሚያደርገው ዳግመኛ አያብጥም። ግን የአፈሩን ሕይወትም አብሮ ይበላዋል።) የገበሬው ሐሳብ አጭር ነው፦ ዋልካ ውሃ አያሳልፍም፣ እንግዲያው ውሃውን በላዩ አሳልፈው።

ሜዳ ላይ ቦይ መቆፈር አይቻልም፤ ግን ሜዳው ራሱ አንድ ትልቅ መደብ ሊሆን ይችላል። መሐሉን ከፍ፣ ዳርና ዳሩን ዝቅ ማድረግ ነው። ከመሐል እስከ ጎን መስመር 34 ሜትር አለ፤ በየ100 ሜትሩ 1 ሜትር የሚወርድ ተዳፋት ቢሰጠው መሐሉ ከጎኑ 34 ሳንቲ ሜትር ይበልጣል። ተመልካች አያየውም፣ ውሃ ግን ያየዋል። ከጎን መስመሩ ውጭ ጥልቅ ቦይ ተቆፍሮ ውሃው ወደ ታች የሚሄድበት መውጫ ይሰጠዋል። መውጫ የሌለው ቦይ ገንዳ ነው፤ የብዙ ሜዳዎች ጣጣም ይህ ይመስለኛል፣ ቦዩ አለ፣ መጨረሻው ግን በአጥር ወይም በአዲስ መንገድ ተዘግቷል። ገንዘብ ከተገኘ ደግሞ ከሜዳው ወርድ ጋር በየሜትር ሁለት ሜትሩ ከ5 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያላቸው ጠባብ ቦዮች ተቆፍረው እስከ ላይኛው ገጽ በአሸዋና በጠጠር ይሞላሉ። ዋልካውን መለወጥ ሳይሆን ማለፊያ መስጠት ነው። ጠጠሩ ቀይ አሽ ሊሆን ይችላል፤ ቀላል፣ ቀዳዳ የበዛው የእሳተ ገሞራ ጠጠር ነው፣ እኛ አገር ደግሞ ሞልቷል።

ዋልካ ግን በቀላሉ አይለቅም። በጋ ሲመጣ እነዚያን ጠባብ ቦዮች ተከትሎ ይሰነጠቃል፣ ተዳፋቱንም በየዓመቱ ያጎብጠዋል። ስለዚህ በየግንቦቱ ማስተካከል፣ በበጋ ደግሞ ማጠጣት ያስፈልጋል። የውሃውም ሒሳብ ቀላል አይደለም። በደረቁ ወራት ሣር ያለው ሜዳ በቀን 5 ሚሊ ሜትር ያህል ውሃ ቢያተን ወደ 36,000 ሊትር ነው፣ በየቀኑ። አቃቂ ከሥሩ ብዙ የከርሰ ምድር ውሃ አለው፤ ከጉድጓዶቹ የሚወጣው ግን ለከተማው መጠጥ ነው፣ ባለ ጄሪካን እናት በተሰለፈችበት ሰፈር ሣር ማጠጣት የሚደፍር የለም። ወንዙ ቅርብ ነው፤ ነገር ግን የፋብሪካና የከተማ ፍሳሽ የገባበትን ውሃ ልጆች ጉልበታቸው በሚላጥበት ሜዳ ላይ መርጨት አልመክርም። የጣሪያ ውሃ በክረምት ማጠራቀም ጥቂት ይረዳል፣ ለጎል አፉ አካባቢ ያህል።

ግድግዳውስ?

ይህ የእኔ ሙያ ስለሆነ ትንሽ ታገሡኝ። ዋልካ ሲያብጥ የተቀመጠበትን ነገር ወደ ላይ ይገፋል። ግፊቱ ከ100 ኪሎ ፓስካል ሊያልፍ ይችላል፤ በአንድ ካሬ ሜትር 10 ቶን ማለት ነው። አሁን የሜዳ አጥር ውሰዱ፦ በ20 ሳንቲ ሜትር ብሎኬት የተሠራ፣ 2 ሜትር ተኩል ከፍታ ያለው። ከነድንጋይ መሠረቱ አፈሩን የሚጫነው በካሬ ሜትር 3 ቶን ቢሆን ነው። አሥር ለሦስት። አፈሩ ያሸንፋል። የሚገርመው ከባዱ ሕንፃ ሳይሆን ቀላሉ ነው የሚጎዳው፤ አጥሩ፣ የትኬት ቤቱ፣ ሦስት ደረጃ ያላት የተመልካች መቀመጫ። በተለይ አንዱ ጎን ባህር ዛፍ ካለበት፣ ሌላው ጎን ቦይ ካለበት፤ ባህር ዛፉ ውሃውን ይመጣል፣ አፈሩ ይኮማተራል፣ በቦዩ በኩል ያብጣል፣ ግድግዳውም መሐል ላይ እንደ መሰላል በደረጃ ደረጃ ይሰነጠቃል። መድኃኒቱ ይታወቃል፦ ከላይ ያለውን ዋልካ ቆርጦ ገረጋንቲ መሙላት፣ ወይም ከኖራ ጋር መቀላቀል፣ ወይም መሠረቱን እርጥበት እስከማይለዋወጥበት ጥልቀት ማውረድ። ኖራው የሚሠራው ካልሲየም ስለሚያበዛ ነው፤ ቁልሉን ያጣብቀዋል።

«ታዲያ ሰው ሠራሽ ሣር ቢነጠፍስ?» አዲስ አበባ ውስጥ በየወረዳው ብዙ ትንንሽ ሜዳዎች እንዲህ ሆነዋል፣ ልጆችም በክረምት እንዲጫወቱ አስችሏል፤ ጥሩ ነው። ነገር ግን ምንጣፉ የሚቀመጠው ያው ዋልካ ላይ ነው። ከሥሩ በቂ ገረጋንቲ ካልተሞላ ከዓመት ሁለት ዓመት በኋላ ምንጣፉ ይጎብጣል፣ ውሃም ጎድጓዳው ውስጥ ይተኛል። ምንጣፉም በስምንት በአሥር ዓመት ያረጃል። ገንዘቡ የሚወጣው ለሚታየው አረንጓዴ ነው፣ መውጣት የነበረበት ግን ለማይታየው 50 ሳንቲ ሜትር ነበር።

በጣሳና በስልክ

የሰፈራችሁን ሜዳ ራሳችሁ መለካት ትችላላችሁ። መጀመሪያ አፈሩ ዋልካ መሆኑን እዩ። ደረቅ አፈር ፈጭታችሁ በዱቄት ወንፊት ንፉት፤ በሃይላንድ ጠርሙስ ውስጥ ሁለት ጣት ያህል ጨምራችሁ መስመር ምልክት አድርጉበት፤ ውሃ ሞልታችሁ በደንብ ናጡትና እስከ ማግስቱ ተዉት። ከቀይ አፈር ጋር ጎን ለጎን ብትሠሩት ይበልጣል። ዋልካው ከምልክቱ በላይ አብጦ ታገኙታላችሁ፤ ከመነሻው እጥፍ የሚደርስም አለ።

ቀጥሎ ሁለቱም አፉ የተከፈተ የድልህ ጣሳ ውሰዱ። ጠርዙ ስለሚቆርጥ አጣጥፉት። ሜዳው ላይ አምስት ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ ውስጥ ምቱት፣ ውሃ ሙሉበት፣ ማስመሪያ አቁሙበትና በየአሥር ደቂቃው ስንት ሚሊ ሜትር እንደወረደ ጻፉ። ጎል አፍ ላይ፣ መሐል ላይና ሰው በማይረግጠው ዳር ላይ ድገሙት። ሦስቱ ቁጥሮች እኩል ከሆኑልኝ ይገርመኛል።

የመጨረሻው ኳስ ነው። ከ2 ሜትር ከፍታ ልቀቁት፣ አንዳችሁ በስልክ ቪዲዮ ቅረጹ፣ ከኋላ ሜትር የተጻፈበት እንጨት አቁሙ። ፊፋ ለከፍተኛ ደረጃ ሰው ሠራሽ ሜዳ የሚጠይቀው ኳሱ ከ60 እስከ 85 ሳንቲ ሜትር እንዲነጥር ነው። በነሐሴ ጭቃ ላይ ከዚያ በጣም ያነሰ፣ በየካቲት ደረቅ ዋልካ ላይ ከዚያ የበለጠ ብታገኙ አይግረማችሁ። አሥር ጊዜ ልቀቁትና በትልቁና በትንሹ ቁጥር መሐል ያለውን ልዩነትም መዝግቡ፤ ለተጫዋች ከአማካዩ ይልቅ እሱ ነው የሚያስቸግረው። በነገራችን ላይ በአቃቂ ከፍታ አየሩ ከባሕር ጠለል በአንድ አምስተኛ ገደማ ስለሚሳሳ ኳስ በረጅሙ ሲለጋ ራቅ ብሎ ይሄዳል፤ ንጥረቱን ግን የሚወስነው መሬቱ ነው።

መለኪያውን ከግንቦት መጨረሻ ጀምራችሁ እስከ ጥቅምት በየሁለት ሳምንቱ ብትሠሩት፣ ጣሳው ውስጥ ያለው ውሃ መውረድ ያቆመበትን ሳምንት ታገኛላችሁ። ያ ሳምንት ስንጥቁ ተደፍኖ ሜዳው የተዘጋበት ነው፤ ለክለቡ አሰልጣኝ ወይም ሜዳውን ለሚያስተዳድረው ወረዳ ስፖርት ጽሕፈት ቤት ይዛችሁ ብትሄዱ፣ ልምምዱን መቼ ወደ ዳር፣ መቼ ወደ ሌላ ቦታ ማዞር እንደሚሻል ቀን ቆርጣችሁ ማሳየት ትችላላችሁ።